ውኃ ገዝቶ ሌባ መፈለግ፤ ስለ ሽንኩርት አደራረቅና አቀማመጥ

ከአንድ የነጋዴ ጸሐፊ፤ ቱሉ ዲምቱ

ቡና የሚገዛ ነጋዴ እርጥቡን ቡና በደረቅ ቡና ዋጋ እንደማይገዛ የታወቀ ነው። ፍሬውን በመዳፉ ላይ አንከባሎ፥ በጥርሱ ነክሶ፥ የሚያጠራጥር ከሆነም በእርጥበት መለኪያ አስለክቶ፥ የያዘው እርጥበት ከመቶ 12 ያህል ብቻ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ገንዘቡን ይቈጥራል። ጤፍና ስንዴ፥ ባቄላና ሽንብራም እንደዚሁ ደረቅነታቸው ተመርምሮ ይገዛሉ። ነገር ግን በየዕለቱ በየቤቱ ድስት የሚገባው፥ ያለ እርሱም ወጥ የማይሠራው ሽንኩርት ይህን ክብር አላገኘም። ብዙ ጊዜ ከእርሻ በተነቀለ በማግሥቱ፥ አፈሩ ሳይራገፍ፥ አንገቱ ሳይደርቅ፥ በማዳበሪያ ታጭቆ ይጫናል፤ ነጋዴውም እንደ መጣለት ይመዝናል፥ ይከፍላል፥ ያከማቻል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ክምሩ ሲጎድልና ሲሸት ግን ምክንያቱን በሌላ በኩል ይፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በ2016 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት በምሠራበት ንግድ ቤት የደረሰው ነገር ነው። ጉዳዩ የአንድ ንግድ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ ዓምድ ላይ ባላወጣሁት ነበር፤ ዳሩ ግን ከብዙ ነጋዴዎችና ባለ ሱቆች አፍ ይህንኑ የመሰለ እሮሮ ስለ ሰማሁ፥ የተማርሁትን ለተከበሩ አንባብያን ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየኝ።

ስለ ቦታው

ቱሉ ዲምቱ በአዲስ አበባ ደቡባዊ ጫፍ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። ስሙ በኦሮምኛ ቀይ ኮረብታ ማለት ሲሆን፥ በባሌ ተራሮች ላይ 4377 ሜትር ከፍታ ያለው ታላቅ ተራራም በዚሁ ስም ይጠራል። የእኛው ቱሉ ዲምቱ የሚታወቀው በመንገዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ መግቢያና የክፍያ ጣቢያ እዚሁ ይገኛልና። ከመቂና ከባቱ፥ ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎችም ተጭኖ ወደ ዋና ከተማው ከሚገባው ሽንኩርት ብዙው በእኛ ደጅ ያልፋል። የሚራገፍበት የአትክልት ተራም ራሱ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተዘዋውሯል፤ በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፥ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ከጃን ሜዳ ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ስለዚህ በደቡብ በኩል ያለን ነጋዴዎች ከገበያውም ከመንገዱም ቅርብ ነን።

በሰፈራችን ቀድሞ እርሻ በነበረው ሜዳ ላይ ዛሬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ቆመውበታል። ይሁን እንጂ ግቢ ያላቸው ነዋሪዎች ከጓሯቸው ጎመን፥ ቃሪያና ሽንኩርት ማምረቱን አልተዉም። አፈሩ ጥቁር ኮትቻ ነው፤ ሲረጥብ እንደ ጭቃ ይጣበቃል፥ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። በዚህ አፈር ሽንኩርት አምርቶ፥ አድርቆ፥ ከዝናብ አሳልፎ ማቈየት ዕውቀት ይጠይቃል፤ ይህንንም ዕውቀት እኔ ያገኘሁት ከመጋዘናችን ሳይሆን ከአንዲት ጎረቤቴ ጓሮ ነው።

በመዝገቡ ላይ የታየው ጉድለት

በመጋቢት ወር 2016 ዓ.ም. መጀመሪያ፥ ዐቢይ ጾም በገባ ሰሞን፥ አሠሪዬ 30 ኩንታል ቀይ ሽንኩርት ገዙ። አሳባቸው ግልጽ ነበር። በጾም ሽሮውም ምስር ወጡም ያለ ሽንኩርት አይሠራም፤ ለፋሲካ ደግሞ ለዶሮ ወጥ የሚከተፈው ሽንኩርት ብዛቱ ለማንም የተሰወረ አይደለም። በዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 27 ቀን ይውል ስለ ነበረ፥ ጥቂቱን በጾሙ ወራት፥ የሚበዛውን ለበዓሉ ገበያ ለመሸጥ አሰቡ።

ሽንኩርቱ ሲደርስ እኔ ራሴ ከሚዛኑ አጠገብ ቆሜ መዘገብሁ። የተነቀለው በዚያው ሳምንት ስለ ነበረ አንገቱ ገና አረንጓዴ ነበር፤ ማዳበሪያውም ከውጭ ሲዳስሱት ይቀዘቅዛል፥ ይረጥባልም። ይህን ሁሉ አየሁ፤ ትርጉሙን ግን አላወቅሁም።

በመጀመሪያው ሳምንት 9 ኩንታል ተሸጠ። የቀረው 21 ኩንታል በመጋዘኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ፥ ግድግዳ ተደግፎ፥ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ። በዚህ መካከል የበልግ ዝናብ ጣለ፤ የመጋዘኑም አየር ረጠበ። የበዓሉ ገበያ ደርሶ ክምሩ ሲፈታ መጥፎ ሽታ ተቀበለን። ከ21ዱ ኩንታል ለሽያጭ የበቃው 14 ኩንታል ብቻ ሆነ፤ 4 ኩንታል ተኩል በስብሶና አቆጥቁጦ ተጣለ። የቀረው 2 ኩንታል ተኩል ግን በመጋዘኑም በሽያጩም መዝገብ አልተገኘም።

የበሰበሰው አሳዘነ፤ የጠፋው ግን አስቈጣ። የመጋዘኑን ቁልፍ የሚይዙት አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እርሳቸውም ዕድሜያቸው የገፋ፥ በዚያው ቤት ብዙ ዓመት ያገለገሉ አባት ናቸው። የዕለቱ ንዴት ያለፈውን የአገልግሎት ዘመን አስረሳ። አሠሪዬ የስንብት ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ እኔም ጻፍሁ፥ በማግሥቱ ጧት ይፈረምበት ዘንድ ከጠረጴዛቸው ላይ አኖርሁት። ጠባቂው ነገሩን ሲሰሙ ለእኔ የተናገሩት አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ልጄ፥ እኔ ይህን ሁሉ ሽንኩርት ተሸክሜ ወዴት እሄዳለሁ?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

የጎረቤቴ ምክር

በዚያው ምሽት ወደ ቤቴ ስገባ፥ ጎረቤቴ የሆኑ እናት በጓሯቸው አምርተው ያደረቁትን ሽንኩርት በቀርከሃ ርብራብ ላይ ሲያገላብጡ አገኘኋቸው። ሽንኩርቱ ሲነካካ እንደ ደረቅ ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ቅርፊቱ ያብረቀርቃል፤ አንድም የሸተተ ወይም ያቆጠቆጠ የለበትም።

«እማማ፥ ሰው ሁሉ እንደ ነቀለ ሲሸጥ እርስዎ ለምን ይህን ያህል ቀን ያቈዩታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ የምበላውን ነው የማስቀምጠው፤ የሚሸጥ ሰው ውኃውንም አብሮ ይሸጣል» አሉኝ።

በመጋዘናችን የደረሰውንና የተጻፈውን ደብዳቤ ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም አሉና፥ «ታዲያ ውኃ ገዝታችሁ ሌባ ትፈልጋላችሁ?» አሉ። ቀጥለውም እርጥብ ሽንኩርት መዝኜ፥ ቈልፌበት፥ ከወር በኋላ እንድመዝነው መከሩኝ።

በማግሥቱ ጧት ይህንኑ ለአሠሪዬ አቅርቤ ደብዳቤው ለጥቂት ሳምንት እንዲቈይ ለመንኋቸው። ጥቂት ካመነቱ በኋላ ፈቀዱ። ከገበያ 20 ኪሎ ልክ እንደዚያው እርጥብ የሆነ ሽንኩርት ተገዛ፤ በአንዲት ትንሽ ክፍል ተዘግቶበት ቁልፉ በአሠሪዬ ኪስ ገባ። በ14ኛው ቀን ሲመዘን 18 ኪሎ ከ400 ግራም ሆነ። በ28ኛው ቀን 17 ኪሎ ከ700 ግራም ሆነ። ከራሳቸው በቀር ማንም ሳይነካው 2 ኪሎ ከ300 ግራም ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይኸውም ከመቶ 11 ተኩል ነው። ይህንኑ በ21 ኩንታል ላይ ብናሰላው 2 ኩንታል ከ41 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ጠፋ ከተባለው የቀረው ስምንት ኪሎ ተኩል ብቻ ሲሆን፥ እርሱም ከተራገፈው አፈርና ከበሰበሰው ከፈሰሰው ውኃ አይበልጥም።

አሠሪዬ ደብዳቤውን ቀደው ወደ መጋዘኑ ሄዱ። እንዲህ ያለው ነገር በሰው ፊት ሊነገር የማይወደድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን እርሳቸው ራሳቸው ለሌሎች ትምህርት ይሁን ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ለጠባቂው ያሏቸው ቃል «አባቴ፥ ይቅር ይበሉኝ፤ በውኃ ነው የጠረጠርሁዎት» የሚል ነበር።

ሽንኩርት እንዴት ይደርቃል

ከዚህ በኋላ ስለ ሽንኩርት ከጎረቤቴም፥ ከግብርና ባለሙያዎች ትምህርትም የሰበሰብሁትን በየተራው አቀርባለሁ።

የሽንኩርት አካል ከመቶ 85 እስከ 90 የሚሆነው ውኃ ነው። ሽንኩርት ማድረቅ ሲባል ታዲያ ይህን የውስጥ ውኃ ማውጣት አይደለም፤ እንደዚያማ ቢሆን የሚቀረው ቅርፊት ብቻ ይሆን ነበር። የሚደርቀው የውጭው ቅርፊትና አንገቱ ነው። አንገት ማለት ቅጠሉ ከራሱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። ይህ ቦታ እርጥብ ሆኖ ሳለ ለሻጋታና ለብስባሽ እንደ ተከፈተ በር ነው፤ ሲደርቅና ሲቀጥን ግን በሩ ይዘጋል። የውጭው ቅርፊትም ሲደርቅ የውስጡን ውኃ እንደ ልብስ ሸፍኖ ያቈያል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጥቂት ክብደት የሚያጣ ሽንኩርት፥ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ብዙ ክብደት ከማጣት ይድናል።

ሥራው የሚጀምረው ከመነቀሉ በፊት ነው። ቅጠሉ በራሱ ጊዜ ከአንገቱ እየታጠፈ መተኛት ሲጀምርና ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተክል ሲተኛ ሽንኩርቱ ደርሷል። ውኃ ማጠጣት ከመነቀሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አስቀድሞ መቆም አለበት። ክብደት ይጨምራል ብሎ እስከ መጨረሻው ቀን የሚያጠጣ አምራች የሚጨምረው ውኃ ነው፤ ዘግይቶ ዩሪያ የሚበትንም ሽንኩርቱን አንገተ ወፍራም ያደርገዋል፤ እንዲህ ያለው ሽንኩርት ደግሞ ምንም ቢሰጣ አንገቱ በደንብ አይዘጋም።

ሲነቀል በደረቅ ቀን፥ ጤዛው ከረገፈ በኋላ መሆን ይገባዋል። እንደ እኛ ባለ ኮትቻ አፈር ቅጠሉን ይዞ መጎተት አንገቱን ይበጥሳል፤ ስለዚህ በመኰትኰቻ ከሥሩ እያላሉ፥ ራሱን ሳይወጉ ማውጣት ያስፈልጋል። የተጣበቀውን አፈር በእጅ ማራገፍ ይበቃል፤ በውኃ ማጠብ ፈጽሞ አይገባም። መወርወርም አይገባም፤ ከላይ ያልታየ ምት ከሳምንት በኋላ ብስባሽ ሆኖ ይወጣልና።

የተነቀለው ሽንኩርት ዝናብ በሌለበት ወራት በዚያው በማሳው ላይ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል። የአንዱ ቅጠል የሌላውን ራስ እንዲሸፍን አድርጎ በመስመር መደርደር ጥሩ ነው፤ በቀጥታ የሚመታው የቀትር ፀሐይ ራሱን ያቃጥለዋል። ከዚያም ጥላና ነፋስ ወዳለበት ተወስዶ፥ በጠቅላላው ከ10 እስከ 14 ቀን እስኪሞላው ድረስ ሳሳ ተደርጎ ይዘረጋል። ደመና ከታየ ግን ሳይውል ሳያድር ከክዳን በታች መግባት አለበት። በሰፈራችን በየካቲትና በመጋቢት የሚነቀለው ሽንኩርት ከበልግ ዝናብ ጋር የሚጋጨው በዚህ ጊዜ ስለ ሆነ፥ ጎረቤቴ ሽንኩርቱን ከመንቀላቸው በፊት ርብራቡን አዘጋጅተው ይጠብቃሉ።

መድረቁ በሦስት ነገር ይታወቃል። አንገቱን በሁለት ጣት ጨምቀው ሲያሹት የሚያንሸራትት እርጥበት አይገኝበትም፤ ቅርፊቱ ሲነካ ይንኮሻኮሻል፤ ሥሩም ደርቆ በቀላሉ ይሰበራል። ቅጠሉ የሚቈረጠው ከዚህ በኋላ ነው፤ ያውም ከራሱ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ተብሎ። አረንጓዴውን ቅጠል ከሥሩ መቅላት ቁስል ከፍቶ መተው ነው። አንገተ ወፍራሙ፥ የቈሰለውና መንታ የሆነው ተለይቶ አስቀድሞ ለምግብ ይውላል፥ ወይም ቶሎ ይሸጣል፤ ከሚቀመጠው ጋር መቀላቀል የለበትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ በዚህ ላይ የሚቈጠቡት ሁለት ሳምንታት በኋላ በኪሣራ ይከፈላሉ።

ስለ ማስቀመጫው

ብዙዎቻችን ቀዝቃዛ ስፍራ ለሁሉ ነገር ጥሩ ይመስለናል። ስለ ሽንኩርት ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ይተኛል፤ ከዚያም ነቅቶ ለመብቀል ይፈልጋል። እንዲበቅል የሚገፋፋው ደግሞ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው መካከለኛ ሙቀት ነው። ወደ ዜሮ በተጠጋ ብርድ እንቅልፉ ይረዝማል፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀትም ቶሎ አይበቅልም፤ ነገር ግን በሙቀቱ ክብደት ይቀንሳል፥ ጥቁሩም ሻጋታ ይበረታበታል። አዲስ አበባና አካባቢዋ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ከፍ ያሉ በመሆናቸው፥ የቤታችን አየር አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በዚያው ለማቆጥቆጥ በሚመቸው መካከል ነው። ማቀዝቀዣ መጋዘን የሌለው የደጋ ነጋዴ ይህን ማወቅ አለበት። አየሩን መለወጥ ባይችልም፥ በሚገባ የደረቀ ሽንኩርት ብቻ በማስቀመጥና ከሁለት ከሦስት ወር በላይ ባለማቈየት ራሱን ከጉዳት ያድናል።

ሁለተኛው ነገር እርጥበት ነው። ለሽንኩርት የሚስማማው የአየር እርጥበት ከመቶ 65 እስከ 70 ነው፤ ከዚህ በጣም ሲበልጥ ሥር ያወጣል፥ ይሻግታልም፤ በጣም ሲያንስ ደግሞ ቅርፊቱ ተሰንጥቆ ይረግፋል። በክረምት ወራት እርጥበቱን ማሸነፍ የሚቻለው ነፋስ በማስገባት ነው። ስለዚህ፦

ሽንኩርት በሲሚንቶም ሆነ በአፈር ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ርብራብ ይሠራለት።

ግድግዳ አይደገፍ፤ ሰው የሚያልፍበት ያህል ክፍት ቦታ በዙሪያው ይተውለት።

ክምሩ ከአንድ ሜትር ተኩል አይብለጥ፤ የታችኛው በላይኛው ክብደት ይጨፈለቃልና።

አየር በማያስገባው የፕላስቲክ ማዳበሪያ ፈንታ በመረብ ከረጢት ይቀመጥ፤ መረብ ባይገኝ ሳሳ ያለው ጆንያ ይሻላል።

ከድንችና ከፍራፍሬ ጋር በአንድ ክፍል አይክረም፤ ከድንቹ የሚወጣው እርጥበት ይጎዳዋል፥ የሽንኩርቱም ሽታ ወደ ሌላው ይገባል።

ብርሃን አይብዛበት፤ ለብርሃን የተጋለጠ ሽንኩርት አረንጓዴ ይሆናል።

በየሳምንቱ ይታይ፤ አንድ የበሰበሰ ከተገኘ በዙሪያው ያሉትም ይመርመሩ።

አያቶቻችን ይህን በሌላ መንገድ ያውቁት ነበር። ዛሬ በገበያ የበዛው ትልቁ ቀይ ሽንኩርት ከመስፋፋቱ በፊት በየጓሮው የነበረው የሐበሻ ሽንኩርት ነው። ይህ ትንሽ፥ ብዙ ራስ የሚያወጣ፥ በጣዕሙ የበረታ ሽንኩርት ለሚቀጥለው ዘር የሚተከለው ራሱ ስለ ሆነ፥ አያቴ ከምድጃው በላይ በቆጥ ላይ ያስቀምጡት ነበር። ሙቀቱና ደረቁ አየር እንዳያቆጠቁጥ ይጠብቀው እንደ ነበረ ዛሬ ይገባኛል። ትልቁን ሽንኩርት፥ በመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን አዳማ ሬድንና ቦምቤ ሬድን የመሳሰሉትን ዝርያዎች፥ ስንቀበል ምርታቸውን ተቀበልን እንጂ ቆጡን አልተካንም።

ለገዢና ለባለ ሱቅ

ከሚዛኑ በፊት የገዢው እጅ ይሠራል። ማዳበሪያውን ከላይ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ከመካከሉና ከሥሩ ጥቂት ራስ አውጥቶ አንገቱን መጭመቅ፥ ቅርፊቱን ማሸት፥ ወደ አፍንጫም ማቅረብ ይገባል። ጎምዛዛ ሽታ ካለ ብስባሹ ውስጥ ገብቷል። አንገቱ ለስላሳ ሆኖ ሌላው ጤናማ ከሆነ ሽንኩርቱ ወዲያውኑ የሚሸጥ ነው፤ ለበዓል የሚቀመጥ አይደለም። እርጥብ ሽንኩርት መግዛት ግዴታ ከሆነም በዚያው ቀን ከማዳበሪያ አውጥቶ በርብራብ ላይ መዘርጋትና ሁለት ሳምንት ማናፈስ ብዙውን ያተርፋል።

ባለ ሱቁም በበሩ ላይ የሚያስቀምጠውን ሽንኩርት የዕለቱን ሽያጭ በሚያህል መጠን ቢያወጣና የቀረውን በውስጥ ቢያኖር ይሻለዋል፤ ፀሐይና ካፊያ የሚፈራረቁበት ሽንኩርት አይቈይም።

ወደ ጅቡቲና ወደ ሶማሊያ ገበያ አትክልት የሚልኩ ነጋዴዎች ደግሞ ይህን ነገር ከሌላው ይበልጥ ሊያስቡበት ይገባል። ከደጋ ወደ በረሃ በሚወርድ መኪና ላይ፥ በሸራ ተሸፍኖ የሚጓዝ እርጥብ ሽንኩርት በራሱ ላብ ይቀቀላል። በመንገድ ላይ ነፋስ እንዲገባው በመረብ ከረጢት መጫን፥ በከረጢቶቹም መካከል ክፍተት መተው፥ ከሁሉ በፊት ግን አድርቆ መጫን የጭነቱን ዋጋ ያድናል።

ከሌላ አገር የሚገኝ ትምህርት

በሕንድ አገር፥ በማሃራሽትራ ግዛት፥ በናሲክ አውራጃ ላሳልጋኦን የምትባል በሽንኩርት ንግድ የታወቀች ከተማ አለች። በዚያ አካባቢ ያሉ ገበሬዎች በበጋ መጨረሻ የነቀሉትን ሽንኩርት ካንዳ ቻል በሚባል ቤት ያስቀምጣሉ። ይህ ቤት ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ፥ ግድግዳው ነፋስ የሚያሳልፍ የእንጨት ወይም የቀርከሃ ርብራብ የሆነ፥ ጠበብ ብሎ የረዘመ ጎጆ ነው። ኤሌክትሪክ አያስፈልገውም። በሚያዝያ የገባ ሽንኩርት ዝናቡን አሳልፎ እስከ ጥቅምት ሊሸጥ ይችላል። ዋናው ምስጢርም ከቤቱ ይልቅ በሚገባው ሽንኩርት መድረቅ ላይ ነው፤ እርጥብ ከገባ በዚያም ይበሰብሳል።

እንዲህ ያለ ልምድ ባላት አገር እንኳ የሽንኩርት ጉዳይ መንግሥትን ያስጨንቃል። በኅዳር ወር 2016 ዓ.ም. የሕንድ መንግሥት ለአገሩ ሕዝብ ዋጋው እንዳይንር ሲል ሽንኩርት ወደ ውጭ እንዳይላክ ከልክሎ፥ እገዳውን ያነሣው በሚያዝያ ወር መጨረሻ ነበር። ከሕንድ የሚገዙ ብዙ አገሮች በዚያ ወራት ተቸገሩ። ከውጭ ለሚያስመጡም ሆነ ከአገር ውስጥ ለሚገዙ ነጋዴዎቻችን ትምህርቱ አንድ ነው፤ በችግር ጊዜ የሚያስተማምነው በራስ ርብራብ ላይ ያለ ደረቅ ሽንኩርት ነው።

የዋጋው ነገር

አሁን ወደ ሒሳቡ ልመለስ። በመጋዘናችን ከተቀመጠው 21 ኩንታል የተሸጠው 14 ነው፤ ይኸውም ከሦስት እጅ ሁለት እጅ ብቻ። እንግዲህ አንዱን ኪሎ በ100 ብር ገዝተነው ቢሆን ኖሮ፥ ለሽያጭ የበቃው አንድ ኪሎ የወጣበት ዋጋ 150 ብር ነው ማለት ነው። አንድ አምራች በሚገባ የደረቀ ሽንኩርት አምጥቶ በኪሎ 115 ብር ቢጠይቀን «ተወደደ» ብለን በመለስነው ነበር፤ ከእርሱ ብንገዛ ግን በብዙ በተጠቀምን ነበር። ብስባሹን ትተን የጠፋውን ውኃ ብቻ ብናስብ እንኳ፥ ከመቶ 12 ያህል የሚቀንስ እርጥብ ሽንኩርት በ100 ብር ሲገዛ ደረቁን በ113 ብር ከመግዛት ይስተካከላል።

አምራቹ ለምን አያደርቅም ብለን ስንወቅሰው ይህን ማስታወስ ይገባናል። ሁለት ሳምንት ደክሞ ቢያደርቅ ክብደቱ ይቀንሳል፤ እኛም የምንከፍለው ለክብደት ብቻ ስለ ሆነ፥ ትጋቱ ኪሣራ ይሆንበታል። እርጥቡን ቢያመጣ ግን ውኃውን በሽንኩርት ዋጋ ይሸጣል። እንግዲያው እርጥብ ሽንኩርት እንዲመጣ ያደረግነው እኛው ገዢዎች ነን። ኪሣራውም በእኛ ላይ አይቆምም፤ የተጣለውን ዋጋ በተረፈው ላይ ስለምንጨምረው፥ በመጨረሻ የሚከፍለው ዘንቢሉን ይዞ ከሱቃችን ደጅ የሚቆመው ደንበኛ ነው።

ስለዚህ አሳቤን ለተከበሩ የምክር ቤቱ አባላት በአጭሩ አቀርባለሁ። ለደረቅና ለእርጥብ ሽንኩርት ሁለት ዋጋ ይኑረን፤ ይህንንም ለአምራቹና ለደላላው ከመነቀሉ በፊት እናስታውቅ። በመዝገባችንም ሽንኩርት ሲገባ ክብደቱ ብቻ አይጻፍ፤ የአንገቱ ሁኔታና የተነቀለበት ቀን ይጻፍ። ለድርቀት የሚጠበቀውም ጉድለት አስቀድሞ ተገምቶ በመዝገቡ ላይ ይስፈር፤ እንዲህ ሲሆን ጉድለት በታየ ጊዜ ከሚዛኑ ጋር እናመሳክራለን፥ በሰው ላይ አንፈርድም።

በእኛ ንግድ ቤት ይህ ሥራ ተጀምሯል። በመጋዘኑ ውስጥ ከወለል ከፍ ያለ ርብራብ ተሠርቷል፤ ግድግዳውም በሁለት ወገን ለነፋስ ተከፍቷል። ከጎረቤቴ ዘንድም አሠሪዬ ራሳቸው ሄደው ርብራቡን አይተዋል። የሚገባውን ሽንኩርት ከሚዛኑ በፊት አንገቱን ጨምቀው የሚፈትኑት፥ እርጥቡንም ከደረቁ የሚለዩት፥ እነዚያው የመጋዘኑ ጠባቂ ናቸው። እርሳቸው «ይህ አልደረቀም» ካሉ እኔም በደረቅ ዋጋ አልመዘግበውም።